አቦል፣ ቶና፣ በረካ

ከአዲስ ዘመን አለፍ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ወደ ጣራ ገዳም የሚወጣው አቀበት ገና ሲጀምር ኮሮላዋ ጮኸች። ጮኸች እንጂ አልሄደችም። ነዳጁን በረገጥሁ ቁጥር የሞተሩ ድምፅ ሽቅብ ይወጣል፤ መኪናዋ ግን እንስራ እንዳዘለች ሴት ቀስ ብላ ነው የምትራመደው። ድንገት ከሥር አንድ ነገር "ዷ!" ብሎ ይመታና ወደ ፊት ትፈናጠራለች፤ ወዲያው ደግሞ ትለግማለች። እናቴ ከኋላ ወንበር ላይ የስለቷን ጧፍና ዕጣን በነጠላዋ ጠቅልላ አቅፋለች። ጥቂት ታገሰችና፣ "ልጄ፣ ይቺ መኪና ደክማለች። አቁምላት። ስለት እንደሁ በእግር ሲደርስ ነው የሚያምር" አለች።

አቁሜላት በእግር ወጣን። በወይራው ጥላ ሥር እናቴ ትንፋሿን ስትሰበስብ እኔ ሐሳቤ ከታች ከቀረችው መኪና ጋር ነበር። የአባቴ መኪና ናት። የሞተሯ ዘይት በየጊዜው ይቀየራል፤ ጎማውም ፍሬኑም ካንዴላውም ተራውን አያጣም። የካምቢዮዋን ዘይት ግን መቼ እንደተቀየረ፣ ኧረ ተቀይሮም እንደሁ፣ የሚያውቅ ሰው በቤታችን አልነበረም። አባቴ ሲያወርሰኝ ቁልፉንና ሊብሬውን እንጂ ታሪኳን አልሰጠኝም።

ከስለቱ መልስ ቁልቁለቱን በሰላም ወርደን፣ የፎገራን ሜዳ ቀስ ብለን አቋርጠን ወረታ ገባን።

ወረታ ላይ

ወረታ የመንገድ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው መንገድ ለሁለት ይከፍላታል፤ ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ ጋይንትና ወደ ወልዲያ የሚያቋርጠውም ከእሷ ይነሣል። ይህን የምሥራቁን መንገድ በደርግ ዘመን ቻይናውያን ስለሠሩት እስከ ዛሬ "የቻይና መንገድ" የሚሉት አሉ። መንገድ ባለበት ደግሞ ጎሚስታ አለ፤ ላቫጆ አለ፤ ግራሶ አለ፤ ከቆርቆሮ አጥር ጀርባ ጉድጓድ ቆፍሮ መኪና ከሥር የሚያይ መካኒክ አለ።

ሰዎች የጠቆሙኝ መካኒክ ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ፣ ሙያውን በኤንትሬ ፊያት ላይ የጀመሩ ሰው ናቸው። የመኪናዋን ችግር ማስረዳት ስጀምር እጃቸውን አነሡና፣ "ቆይ፣ እሷው ትንገረኝ" ብለው መሪውን ጨበጡ። ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ትንሽ ነድተው ተመለሱ። ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አቆሙ፤ ሞተሩን ግን አላጠፉም። ፍሬን እንደረገጡ የማርሹን ዘንግ ከ"ፒ" ጀምረው በ"አር"፣ በ"ኤን"፣ በ"ዲ" እያሳለፉ እስከ ታች አወረዱት፤ መልሰው ወደ "ፒ" አመጡት። ኮፈኑን ከፍተው ከሞተር ዘይት መለኪያው ሌላ፣ ጠለቅ ብሎ የተደበቀ ሁለተኛ መለኪያ መዘዙ። ጠርገው መልሰው ከተቱት፤ እንደገና መዘዙትና ጫፉን ነጭ ሶፍት ላይ ነካ አደረጉት።

"ይኼ ዘይት ሲወለድ ቀይ ነበር" አሉ። ሶፍቱ ላይ ያረፈው ጠብታ የጠላ ድፍድፍ መስሏል። አሸተቱትና ለእኔም አቀበሉኝ፤ ያረረ ነገር ይሸታል። በሁለት ጣታቸው መሐል አሻሹት። "ብረት የለውም። ደግ ነው። ይድናል ብዬ ግን አልምልም።"

ይህ አለካክ ራሱ ሙያ ነው። በአብዛኞቹ አሮጌ ቶዮታዎች የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት የሚለካው ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራ ነው፤ ምክንያቱም ሞተሩ ሲጠፋ ከላይ ያለው ዘይት ሁሉ ወደ ታች ይወርድና መለኪያው ከእውነቱ በላይ ያሳያል። ሆንዳ ደግሞ ሞቆ ከቆመ በኋላ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ይለካል። በቶዮታዎቹ ዘንግ ላይ የቀዝቃዛና የሙቅ የሚሉ ሁለት መስመሮች አሉ፤ የሚታመነው የሙቁ ነው። ቀለሙም ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ አንዳንድ ዘይት ጤነኛ ሆኖ ሳለ ቶሎ ይጠቁራል። ጥቁረትና የማረር ሽታ አብረው ሲመጡ ነው የሚያሳስበው። ቀለሙ ጠቆረም ፈዘዘ፣ መጠኑ የጎደለ እንደሆነ መጀመሪያ የሚፈለገው የሚያፈስበት ቦታ ነው፤ ካምቢዮ እንደ ሞተር ዘይት አያቃጥልምና።

የውሃ ወፍጮ እና የሩዝ ቦይ

መካኒኩ ጣታቸውን እያበሱ የነገሩኝን ከዚህ አገር ሰው በተሻለ የሚረዳው የለም። "አውቶማቲክ ካምቢዮ ማለት" አሉ፣ "የውሃ ወፍጮና የሩዝ ቦይ አንድ ሣጥን ውስጥ ገብተው ማለት ነው።"

ወፍጮው ቶርክ ኮንቨርተር የሚባለው ነው። በማንዋል መኪና ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው በእግር የሚረገጠው ፍሪሲዮን ሲሆን፣ በአውቶማቲክ ግን በመሐላቸው ያለው ዘይት ነው። ሞተሩ አንዱን ባለ ክንፍ መዘውር ያሽከረክራል፤ መዘውሩ ዘይቱን ይወረውራል፤ የተወረወረው ዘይት ትይዩ ያለውን ሁለተኛውን መዘውር ይገፋል። መሐል ላይ ያለ ሦስተኛ ክንፍ የተመለሰውን ዘይት አቅጣጫ አስይዞ እንደገና ለሥራ ይልከዋል። ጅረቱ ድንጋዩን እንደሚያዞር ዘይቱ መኪናዋን ያዞራል። ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1905 ያስመዘገበው ሄርማን ፌቲንገር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ሲሆን፣ ያሰበውም ለመኪና ሳይሆን ለመርከብ ነበር።

የሩዝ ቦዩ ደግሞ ከሥር የተኛው የቫልቮች አካል ነው። የፎገራ ገበሬ አንዱን ቦይ ዘግቶ ሌላውን ሲከፍት ውሃው ወደሚፈልገው ማሳ እንደሚሄድ፣ ካምቢዮውም ግፊት ያለውን ዘይት በቀጫጭን መንገዶች እየላከ አንዱን የፍሪሲዮን ድርድር ይጨብጣል፤ ሌላውን ይለቃል። ማርሽ "ተቀየረ" የምንለው ይህ ጭበጣና ልቀት ነው። ጨባጩም ለቃቂውም ዘይት ነው። እሱው ዘይት ደግሞ የሚፋተጉትን ብረቶች ያለሰልሳል፤ ሙቀታቸውንም ተሸክሞ ወደ ራዲያተር ይወስዳል።

እንግዲህ የሞተር ዘይት ዋና ሥራ ማለስለስና ማቀዝቀዝ ነው። የአውቶማቲክ ዘይት ግን ይጎትታል፤ ያዛል፤ ይጨብጣል፤ ያለሰልሳል፤ ያቀዘቅዛል። ከሁሉ የሚከብደው የሚቃረኑ ሁለት ነገሮች መጠየቁ ነው፦ ጥርሶቹ እንዳይፋጩ ማንሸራተት አለበት፤ ፍሪሲዮኖቹ እንዲይዙ ደግሞ ከልክ በላይ ማንሸራተት የለበትም። ይህን ሚዛን የሚጠብቁለት በውስጡ የሚጨመሩ ቅመሞች ናቸው፤ ዘይት ሲያረጅ መጀመሪያ የሚያልቁትም እነሱ ናቸው። ቅመሙ ያለቀ ዘይት የወጥ ቅሪት ነው፤ ፈሳሹ አለ፣ ጣዕሙ የለም።

የቅመሙ ታሪክ ራሱ ያስገርማል። በብዛት የተመረተው የመጀመሪያው ሙሉ አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ የጄኔራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ፣ እ.ኤ.አ. በ1939 ወጥቶ በ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል ላይ ተገጠመ። የመጀመሪያው መደበኛ የካምቢዮ ዘይት ደረጃ በ1949 ተከተለ። በዚያ ዘመን ዘይቱ ለስላሳ እንዲይዝ ይጨመርበት ከነበረው ነገር አንዱ የዓሣ ነባሪ ዘይት ነበር። አሜሪካ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዓሣ ነባሪን ከጥፋት ለመጠበቅ ንግዱን ስትከለክል ቀማሚዎቹ ተቸገሩ፤ ምትክ ሆኖ የመጣው አንዱ ቅመም የማቀዝቀዣ ቱቦዎችን መገጣጠሚያ ስለሚበላ ሌላ መፈለግ ግድ ሆነ። ዴክስሮን ከሚለው የዘይት ስም ኋላ የምናያቸው ቁጥሮች የዚህ ዓይነት ፍለጋ አሻራዎች ናቸው። ቀዩ ቀለም ግን ከጥራቱ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ዘይቱ ሲፈስ ከሞተር ዘይት እንዲለይ የተጨመረ ማቅለሚያ ብቻ ነው።

ሜዳውና ዳገቱ

ፎገራ ሲያዩት ለመኪና የተመቸ አገር ይመስላል። ከጉና የሚወርዱት ርብና ጉማራ ደለላቸውን አንጥፈው የዘረጉት፣ ወደ ጣና የሚያዘነብል ሜዳ ነው። ግን ሜዳው ዙሪያውን ዳገት ነው። ወረታ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ። በመሐላቸው ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ ይሳሳበታልና። ስለዚህ ኮሮላዋ ወረታ ላይ ቆማ ሳለች እንኳ ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚኖራት አቅም አንድ አምስተኛ ያህሉ የለም፤ ደብረ ታቦር ስትደርስ ከሩብ በላይ ይጎድላል። ሾፌሩ ጉድለቱን የሚያካክሰው ነዳጅ በመርገጥ ነው። ሲረግጥ የወፍጮው አንደኛው ክንፍ ይፈጥናል፤ ሁለተኛው ዳገቱ ከብዶት ወደ ኋላ ይቀራል፤ የሁለቱ ልዩነት በዘይቱ ውስጥ ሙቀት ይሆናል። ጭነት ባለበት ቀርፋፋ አቀበት ላይ ዘይቱ የሚቀቀለው ለዚህ ነው። ሙያተኞች በሚይዙት ግምት ዘይቱ ከለመደው ሙቀት በላይ በየ10 ዲግሪው ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል።

በዚያ ላይ የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው በራዲያተሩ ውስጥ አልፎ ነው። ደጋ ላይ ንፍሮ ቶሎ እንደማይበስል የምታውቅ እናት ምክንያቱን ታውቀዋለች፦ ወረታ ላይ ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ደብረ ታቦር ላይ በ91። የራዲያተር ክዳን ግፊት ይዞ ይህን ያስተካክላል፤ ክዳኑ ያረጀ እንደሆነ ግን ውሃው ከቆላው ቀድሞ ይፈላል፤ ካምቢዮውም አብሮ ይቀቀላል። የካምቢዮ ሕመም አንዳንዴ መነሻው አንድ ትንሽ ክዳን ነው።

መካኒኩ ለዚህም የአገር ምሳሌ አላጡም። "ቴዎድሮስ መድፉን ሴባስቶፖልን ከጋፋት መቅደላ ያደረሰው በሰው ትከሻና በገመድ ነው። ያንተን መኪና ዳገት የሚያወጣው ገመድ ይኼ ዘይት ነው። ገመድ ሲላላ ጎታቹ ይጮኻል፤ ጭነቱ አይነቃነቅም። አሁን ሞተርህ የሚጮኸው ለዚያ ነው።"

ክረምት ሲመጣ ሜዳው ሌላ ፈተና ያወጣል። ርብና ጉማራ ከአፋቸው አልፈው ማሳውንም መንገዱንም ይሸፍናሉ፤ የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ብዙ ቤተሰብ እንዳፈናቀለ የሚያስታውስ አይጠፋም። ካምቢዮ የመተንፈሻ ቀዳዳ አለው። ሞቆ የቆየ ካምቢዮ ድንገት ውሃ ውስጥ ሲገባ ይቀዘቅዝና አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ ቀዳዳው ከውሃው በታች ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው። ዘይቱ ወተት የተጨመረበት የሐብሐብ ጭማቂ ይመስላል። ፍሪሲዮኖቹ ወረቀት መሰል ልባስ በሙጫ የተለጠፈባቸው ናቸው፤ ውሃ ሙጫውን ያላቅቀዋል። ራዲያተሩ ውስጡ ተበስቶ ውሃና ዘይት ሲቀላቀሉም የሚሆነው ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ቀለም የታየበት መኪና ሞተሩ መነሣት የለበትም፤ በጎታች ነው ወደ ጋራዥ የሚሄደው።

የማን ዕድሜ ልክ?

አምራቾች በኋለኞቹ ዓመታት መለኪያ ዘንጉን እያስቀሩ፣ ዘይቱንም "የዕድሜ ልክ" ማለት ጀምረዋል። ይህን ሳነሣ መካኒኩ ሳቁ። "የማንን ዕድሜ ነው? የመጀመሪያውን ባለቤት። እኛ ሦስተኛና አራተኛ ነን።"

ነገሩ ቀልድ አይደለም። እዚህ አገር መኪና የሚሸጥ ብቻ ሳይሆን የሚወረስ ንብረት ነው። ያገለገሉ መኪኖች ከውጭ ይመጡ ነበር፤ ሲመጡም የአገልግሎት ደብተራቸው አብሯቸው አይመጣም ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያረጁ መኪኖችን ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑን ይፋ አደረገ። የኤሌክትሪክ መኪና አብዛኛውን ጊዜ አንድ ማርሽ ብቻ ስላለው የዚህ ታሪክ ጣጣ አይነካውም። አሁን በየደጁ የቆሙት ቪትዝና ኮሮላ ግን ተተኪያቸው እንደ ድሮው በመርከብ ተጭኖ አይመጣም። ያሉት ናቸው ያሉት። ካምቢዮ ሲሞት ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሌላ ያገለገለ ካምቢዮ ይፈለጋል፤ የእሱም ዘይት መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ የለም።

አምራቾቹ ራሳቸው በደብተራቸው ውስጥ "ከባድ አጠቃቀም" የሚል ዓምድ አላቸው፤ ጭነት፣ አቀበትና ሙቀት እዚያ ይመደባሉ። እኛ ተራ ቀን የምንለው እነሱ ከባድ ከሚሉት ነው። ስለዚህ ብዙ ባለሙያዎች አሮጌ አውቶማቲክ በየ40,000 እስከ 60,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይቱ ቢታደስ ይላሉ።

"አትንኩት" የሚሉት

ጉድጓዱ ዳር የቆሙ አንድ የሚኒባስ ሾፌር ጣልቃ ገቡ። "ጋሼ፣ አሮጌ ካምቢዮ ዘይቱ ከተነካ ይሞታል አሉ እኮ። የአጎቴ መኪና እንዲያ ነው የሆነችው።"

ይህ ወሬ ከኢትዮጵያም አልፎ መኪና ባለበት አገር ሁሉ ይወራል። ሐሰት ነው ብሎ ማለፍም አይቻልም፤ የሚወራው ስለሚሆን ነው። ጥያቄው ለምን ይሆናል ነው።

አንደኛው ምክንያት ጊዜው ነው። ሰው የካምቢዮውን ዘይት የሚያስታውሰው ካምቢዮው ሊሞት ሲል ነው። መካኒኩ ለሾፌሩ እንዲህ መለሱ፦ "በጣር ላይ ያለ ሰው ጠበል ተወስዶ ቢያርፍ፣ ጠበሉ ገደለው ትላለህ?"

ሁለተኛው አቀያየሩ ነው። ዘይቱን በማሽን ግፊት አጥቦ በአንድ ጊዜ የሚያስወጣ አሠራር አለ። በደንብ ለተያዘ ካምቢዮ ላይጎዳ ይችላል። ለዓመታት ደለል ባጠራቀመው ላይ ግን የክረምት ጎርፍ ነው፤ ከሥር የተኛውን ጭቃ አንሥቶ በቀጫጭኖቹ ቦዮች ይሰነቅረዋል። ሦስተኛው የዘይቱ ዓይነት ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን። ያለቀ ፍሪሲዮን በዘይቱ ውስጥ በሚንሳፈፈው የራሱ ዱቄት ተደግፎ ይይዛል፣ ዱቄቱ ሲወጣ ይለቃል የሚሉም አሉ። እውነት ቢሆን እንኳ እንዲህ ያለው ካምቢዮ የሚቆጥረው ቀን ነው፤ አዲሱ ዘይት ያሳየው እንጂ ያመጣው አይደለም።

"እና የኔዋስ?" አልሁ።

"ያንተዋ ዘይቷ አርሯል፤ ብረት ግን አልጣለችም። በግፊት አላጥባትም። በቡና ሥርዓት ነው የማክማት" አሉ፦ "አቦል፣ ቶና፣ በረካ።"

አቦል

ኮሮላዋ በጉድጓዱ ላይ ቆመች። ረዳቱ ልጅ ዘልሎ ወረደና ኪያቬውን ያገኘው ቡሎን ላይ አሳረፈ። "ቁም!" አሉ መካኒኩ ከላይ። "እሱ የሞተሩ ነው!" ሁለቱ የዘይት መልቀቂያዎች ጎን ለጎን ናቸው። የተሳሳተውን የፈታ ሰው የሞተሩን ዘይት ያፈስና በካምቢዮው ሙሉ ዘይት ላይ ሌላ ይጨምራል፤ ሞተሩ ደርቆ ይነክሳል፤ ካምቢዮውም ከመጠን በላይ ሞልቶ አረፋ ያወጣል። መለኪያ ዘንግ በሌላቸው መኪኖች ደግሞ ሌላ ሕግ አለ፦ መሙያውን ሳትፈታ መልቀቂያውን አትፍታ። መሙያው ዝጎ እምቢ ካለ ባዶ ካምቢዮ ይዞ መቅረት አለና።

ዘይቱ ጨለማ ሆኖ ወረደ። መካኒኩ የወረደውን በባለ ሁለት ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ሰፈሩት፤ 3 ሊትር ሊሆን ጥቂት ቀረው። "የወጣውን ያህል ይገባል፤ ጠብታም አትረፍ። ስለዚህ የወጣውን ሳትሰፍር አትድፋ።"

ከዚያ የታችኛውን ጎድጓዳ ክዳን በዙሪያው ያሉትን ትናንሽ ቡሎኖች ፈትተው አወረዱት። ክዳኑ ውስጥ ትናንሽ ማግኔቶች አሉ፤ ላያቸው ላይ ግራጫ ቅባት እንደ ኩል ተለጥፏል። ይህ የተለመደ ድካም ነው። የሚያስፈራው ስንጥር ብረት ወይም የተላጠ የፍሪሲዮን ልባስ ነበር፤ አልተገኘም። ፊልትሮው ወጣ፤ ማግኔቶቹ ተጠረጉ፤ አዲስ ጓርኒሲዮን ተደረገ። ረዳቱ ሲሊኮን ሊቀባበት ሲል እንደገና ተቆጡ፤ የተረፈው ሲሊኮን ተቆርጦ ውስጥ ይገባና ፊልትሮውን ይዘጋል። ቡሎኖቹንም በጣታቸው ካዞሩ በኋላ እንደ ነገሩ ነው ያጠበቋቸው። ቀላል ብረት ላይ የጉልበት ሰው ጥርስ ይጨርሳል።

አዲሱ ዘይት የገባው በመለኪያው ቀዳዳ ነው፤ የሃይላንድ ጠርሙስ አፉን ቆርጠው በቀጭን የጎማ ቱቦ ላይ ገጥመውታል። እንደ ወለላ ቀይ ሆኖ ሲወርድ እናቴ ጠጋ ብላ አየችና፣ "ይኼን የመሰለ ነገር ነው እንዴ ስታቃጥሉት የኖራችሁት?" አለች።

አሁን ሒሳቡ ይመጣል። እንደ ኮሮላ ባሉ መኪኖች ሙሉው ዘይት 7 ሊትር ገደማ ሲሆን፣ መልቀቂያው ሲፈታ የሚወርደው 3 ሊትር ያህል ነው፤ የቀረው በቶርክ ኮንቨርተሩና በማቀዝቀዣ ቱቦዎቹ ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የቀየረ ሰው የቀየረው 40 በመቶ ያህሉን ነው። አሮጌው 60 በመቶ ይቀራል። ጥቂት ቀን ተነድቶ ሲደባለቅ ሁለተኛው ዙር ወደ 36 በመቶ ያወርደዋል፤ ሦስተኛው ወደ 22። ጀበናው ላይ በየዙሩ ውሃ ሲጨመር ቡናው እንደሚሳሳ፣ እዚህ የሚሳሳው ጥቁረቱ ነው። ካምቢዮው ድንጋጤ ሳይደርስበት አዲሱን ቅመም ይለምዳል፤ ደለሉም እየሟሟ በሦስት ዙር ይወጣል። አራተኛ ዙር ብዙ አይጨምርም፤ ለዚያም ይመስለኛል ቡናችንም በረካ ላይ የሚያበቃው።

ቀይ ሁሉ በርበሬ አይደለም

ለአቦሉ የሚሆነውን ዘይት እንድገዛ የተላክሁት እኔ ነበርሁ። ሱቁ ውስጥ "የካምቢዮ ዘይት" ስል መጀመሪያ የወጣልኝ ቁጥር 90 ነው። ወፍራም፣ የማንዋል ካምቢዮና የዲፍረንሻል ዘይት፤ በአውቶማቲክ ቢገባ ቦዮቹን አልፎ አይሄድም። ቀጥሎ የወጣው ቀይ ዴክስሮን ነበር፤ ብዙ ሰው "የመሪ ዘይት" የሚለው። ስልክ ደውዬ መካኒኩን ጠየቅሁ። "ቀይ ሁሉ በርበሬ አይደለም። መለኪያው ዘንግ ላይ ምን ተጽፏል?" አሉኝ።

እውነትም በብዙ ቶዮታ መለኪያ ዘንግ ላይ የዘይቱ ዓይነት በፊደል ተቀርጿል። የእኛዋ ቲ-4 ይላል። ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ በኋላ ወደ ደብሊው ኤስ ተሻግሯል፤ እሱ ይቀጥናል። አንዱ በሌላው ቦታ እንዲገባ አልተሠራም። ቪትዝ ያለው ሰው ከሁሉ ይጠንቀቅ፦ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የመጀመሪያው ትውልድ አውቶማቲክ በአብዛኛው ባለ 4 ማርሽ ሲሆን፣ ከ2005 በኋላ ከመጣው ብዙው ሲቪቲ ነው። ሲቪቲ ማርሽ የለውም፤ የብረት ቀበቶ በሚጠብቡና በሚሰፉ ሁለት መዘውሮች መሐል ይሠራል። የራሱን ዘይት ካላገኘ ቀበቶው ይንሸራተትና መዘውሩን ይፍቀዋል። የአንዱ ቪትዝ መድኃኒት ለሌላው መርዝ ነው።

የዘይቱ ቆርቆሮ ማኅተሙ ያልተነካ መሆኑን ማየትም የገዢው ፋንታ ነው። ሌላ ዘይት ሊሞላበት የሚችል ባዶ ዕቃ በየጋራዡ ሞልቷል፤ ስሙን አይቶ ብቻ መግዛት አያስተማምንም።

የተቃጠለው የት ይሄዳል?

ከሦስቱ ዙር 9 ሊትር ያህል የተቃጠለ ዘይት ወጣ። ይህ ዘይት እዚህ ፈላጊ አያጣም፤ አናጢው ለአጥር ቋሚ ምስጥ መከላከያ ይቀባዋል፤ ግንበኛው ሲሚንቶ እንዳይዝ ሳንቃ ላይ ያሻዋል። ፈላጊ ያጣው ግን ብዙ ጊዜ ቦይ ውስጥ ይደፋል። በፎገራ ደግሞ ቦይ የሚደርሰው ሩዝ ማሳ ነው፤ ከማሳው ጣና። ጣናና ዙሪያው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። ምዝገባው በጋራዥ ደጅ የሚደፋውን ዘይት አይመልሰውም። መካኒኩ ክዳን ባለው በርሜል ያጠራቅሙታል። "ሩዙን እኔም ነኝ የምበላው" ነው ያሉት። ቀን ላይ ከሩዝና ከጤፍ ዱቄት የተጋገረ እንጀራ አብረን ስለበላን ነገሩ ገባኝ።

በረካ

ቶናው ከአሥር ቀን በኋላ ሆነ፤ በረካው ወሩ ሳይሞላ። በአቦሉ ድብደባው ቀነሰ። በቶናው የሞተሩ ጩኸት ከመኪናዋ ርምጃ ጋር ታረቀ። በበረካው ሶፍቱ ላይ የተጣለው ጠብታ ቀይ ባይሆንም የጠጅ ቀለም ያዘ። ሁሉ ነገር አልዳነም፤ ጠዋት ጠዋት ሁለተኛው ማርሽ አሁንም ትንሽ ይዘገያል። "ያ ያለቀው ፍሪሲዮን ነው። ዘይት የሞተ አያስነሣም፤ የቀረውን ግን ይጠብቃል" አሉኝ መካኒኩ። ከመሄዴ በፊት ከቀን መቁጠሪያ ጀርባ ወረቀት ቀደው ሰጡኝ። ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩንና የዘይቱን ዓይነት ጻፍሁበት፤ በስኮች ከኮፈኑ ሥር ለጠፍነው። አባቴ ያላወረሰኝ ታሪክ ከዚያ ወረቀት ጀመረ።

ከሳምንታት በኋላ እናቴን ይዤ ወደ ጣራ ገዳም ተመለስን። አቀበቱ ሲጀምር ነዳጁን በቀስታ ረገጥሁ። ኮሮላዋ ሳትጮኽ ማርሿን አውርዳ ወጣች። ጥቂት እንደሄድን እናቴ ከኋላ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ።

"አቁም፣ እዚህ እወርዳለሁ።"

"እማዬ፣ አሁንማ ትችላለች እኮ!"

"አይቻለሁ፤ እሷማ ችላለች" አለች ነጠላዋን እያስተካከለች፤ "ስለቱ ግን የእኔ ነው።"